የአባዬ ከዘራና ተቆጣጣሪዋ ሳጥን

አባዬ ከቤት ሲወጣም ሲገባም የግቢያችንን በር መቃን በከዘራው ሁለት ጊዜ ይመታል። ኳ፣ ኳ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ድሮ ሲገባ ይመታና የእማዬን ስም ይጠራል። እማዬ ጓዳም ትሁን ጓሮ «አቤት» ትላለች። አለቀ፤ አባዬ የሚያስከትለው ነገር የለም፤ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። ጠርቶ ምንም የማይፈልግ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። እማዬ ከሞተች በኋላ መጥራቱን ተወ፤ መምታቱን ግን አልተወም።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳጥኗን የሠራኋት በእነዚህ ሁለት ምቶች ላይ ነው።

እኔ አሶሳ ውስጥ ወጣቶችን ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ሬዲዮ እፈታለሁ፤ የፈታሁትን ሁሉ መልሼ ገጥሜያለሁ ብል ግን ውሸት ነው። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ቤታችንን «የሬዲዮ መቃብር» ትለዋለች። ጠባዬ ትንሽ ያስቸግራል፣ አውቀዋለሁ፦ ልክ ያልሆነ ነገር ስሰማ ሳላርም ማለፍ አልችልም። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ ለቀረ ጓደኛው «አቤት» የሚል ተማሪ ካገኘሁ ሁለቱንም ቀሪ አደርጋቸዋለሁ። ቀና ብዬ ማየት እንኳ አያስፈልገኝም፤ ድምፅ እለያለሁ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝም አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ መጻፍ ግን አያስፈልግም።

አባዬ መርሳት የጀመረው በመነጽሩ ነው። ከዚያ ሰገደ አልሰገደ ማስታወስ አቃተው። ከዚያ አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለስ መቃኑን ኳ ኳ አደረገና የእማዬን ስም ጠራ። ደነገጥኩ፤ ግን ያው ጠባዬ ነው፣ አረምኩት። «አባዬ፣ እማዬ እኮ ሞታለች» አልኩት። አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ይዞ «መቼ?» አለኝ። ፊቱ የዚያኑ ቀን መርዶ እንደሰማ ሰው ፊት ሆነ። ከዚያም በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየሁለት ቀኑ ስሟን ይጠራል፣ እኔም እውነቱን እነግረዋለሁ፣ እሱም እንደ አዲስ ያዝናል። ማታ ተኝቼ «ምን ማድረግ ነበረብኝ? መዋሸት?» እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። ክርክሩን ሁሌም የማሸንፈው እኔ ነበርኩ።

ቀን ቀን አባዬን ብቻውን ትቼው አልሄድም ነበር፤ ሸኽዬ አሉ። ሸኽዬ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ የአሶሳ ተወላጅ፣ የቤርታ ሽማግሌ፣ የአባዬ ጓደኛ። በእኛና በእሳቸው ግቢ መካከል ያለው የቀርከሃ አጥር አንድ ክፍተት አለው። ሸኽዬ በበር አይመጡም፤ በዚያች ክፍተት ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። እኔም «አንተ» ነኝ፣ ፍየላቸውም «አንተ» ናት። እኔን ሲጠሩ ግን «ቢንቲ» ይላሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ስለዚህ አንዱ ባንዱ ይካካሳል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ይሰግዳሉ፣ አብረው ማንጎ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ።

አንድ ጊዜ ሸኽዬ ለለቅሶ ቶንጎ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አባዬ ለዙህር፣ ለቀትር ሰላት እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። የአስር ሰላት አለፈ፣ የለም። እግሬ ወዴት እንደሚሄድ ሳላውቀው አሶሳን ዞርኳት። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሾፌር የባምባሲን መንገድ ይዞ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ ፀሐይ እየመታው ሲሄድ አገኘውና አሳፍሮ አመጣልኝ። አባዬ ከባጃጁ ወርዶ፣ መቃኑን ኳ ኳ አድርጎ ገባ። የት ልትሄድ ነበር ብለው ዝም አለኝ።

ለእህቴ መንገር አልነበረብኝም፤ ግን ነገርኳት። በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ስሚኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከጠፋ መጥቼ እወስደዋለሁ። እኔ ያለሁት ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። በሩ ይቆለፋል፤ የትም አይሄድም።»

እህቴ ክፉ አይደለችም። ትወደዋለች፤ ያለችውንም ትፈጽማለች፤ የፈራሁትም ይህንኑ ነው። አባዬ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ዳር ተቀምጦ፣ የሚመታው መቃን ሳይኖረው፣ ሸኽዬም ሳይኖሩ ታየኝ። ዳግመኛ መጥፋት የለበትም። ይኼው ነው፤ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ሆቴል አድራችሁ ከሆነ ዘዴውን ታውቁታላችሁ፤ ካርድ ታስጠጋላችሁ፣ በሩ ጢት ብሎ ይከፈታል። አር ኤፍ አይ ዲ ይሉታል። ህዳሴ ግድብ ላይ የሠራ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው አንድ ቀን አንገቱ ላይ ከምትንጠለጠል የመግቢያ ካርድ ጋር መጥቶ በዚህ ሱስ የለከፈኝ። ካርዷ ውስጥ ባትሪ የለም። አንዲት ጠጠር የምታክል ነገርና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ብቻ ናት። በሩ ላይ ያለው አንባቢ መሣሪያ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፣ ጥቅሏ ከሞገዱ ኃይል ትቀበላለች፣ ያንኑ ተበድራ ቁጥሯን ትናገራለች። ስትርቅ ዝም ትላለች። በጣም ነው ደስ የምትለኝ፤ ሳይጠሯት የማትለፈልፍ ነገር በዚህ ዘመን የት ይገኛል።

ስለዚህ ለአባዬ አንዲት እንዲህ ያለች ምልክት ላስይዘው አሰብኩ። መጀመሪያ ካርዷን አንገቱ ላይ ላንጠለጥልለት ሞከርኩ። «በግ ነኝ?» አለኝ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ሰፋሁለት፤ በማግሥቱ ሌላ ኮት ለበሰ። ጫማው ውስጥ ከተትኩ፤ ከመስጊድ የሰው ጫማ አድርጎ መጣ፣ የእኔም ምልክት ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር ወደማላውቀው ሰፈር ሄደች። ያን ጊዜ ነው አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የበሩን ኳ ኳ የሰማሁት። ለካ መልሱ ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲያንኳኳ ኖሯል። አባዬ ኮቱን ይረሳል፣ ጫማውን ይለዋወጣል፤ ከዘራውን ግን አይረሳም። ከመቃኑ ጋር ሳይነካካም አይወጣም፣ አይገባም።

ከዘራው ጫፍ ላይ የነበረውን ብረት አውልቄ በአሮጌ ጎማ ተካሁትና ምልክቷን ጎማው ውስጥ ቀበርኳት። ብረት ካለ ሞገዱን ይጋርደዋል። አባዬ ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገና «ድምፁን የት አደረግሽው?» አለኝ። «ጊዜው ተሻሽሏል» አልኩት። እኔም አሁን ሳስበው መልሴ ያሳፍረኛል።

አንባቢውን የግቢው በር ላይ ገጠምኩ። አልሠራም። ሽቦ ፈታሁ፣ በስታኞ እንደገና በየድኩ፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ወይ ፍንክች። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስታገል ሸኽዬና አባዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ኳስ ጨዋታ ያዩኛል። በመጨረሻ ሸኽዬ የበሩን ቆርቆሮ በጣታቸው ቀጨል አደረጉና «ቢንቲ፣ አንተ አሁን ከከዘራ ብረት ያወጣህ። ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። በሩ ቆርቆሮ ነው። መቃኑም በቆርቆሮ የተለበጠ ነው። አሶሳ ውስጥ በሩ ቆርቆሮ ያልሆነ ሰው ማን አለ? ብረት ሞገድ ይጋርዳል ብዬ ያስተማርኳቸው ልጆች ቢያዩኝ ኖሮ ምን እንደሚሉ አስቤ ኩም አልኩ።

«ቀርከሃ እኔ ያመጣል» አሉና በአጥሩ ክፍተት ሄዱ። ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ልጠው፣ ጥቅጥቅ አድርገው እንደ ሰሌን የሠሯትን ሳንቃ መቃኑ ሥር፣ የአባዬ ከዘራ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆርቆሮውን ቆርጠን ገጠምናት። አንባቢውን በፕላስቲክ የቅቤ ዕቃ ክዳን ሸፍኜ ከኋላዋ ደበቅሁት። ወዲያውኑ ሠራ፤ ቀርከሃዋ ለከዘራው ኳ ኳታውንም መለሰችለት። ሥራው የማን ነው ብትሉኝ፣ ግማሹ የሸኽዬ ነው።

ሸኽዬ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ሳለ ነው አባዬ ያንን ታሪኩን እንደገና ያወራው። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ማንንም ምንንም ሲረሳ ያቺን ታሪክ አንድ ቃል አልረሳባትም።

«በሰፈራው ጊዜ ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከወሎ በመጡበት በመጀመሪያው ዓመት ጠዋት ጠዋት የተንጠለጠለ ብረት ይደወላል፣ ሰፋሪው ይሰለፋል፣ የሥራ ተቆጣጣሪው ከወረቀት ላይ ስም ይጠራል። የቀረ ሰው ጣጣ አለበት። አንድ ቀን አባዬን ወባ ጣለው። ሸኽዬ ያኔ ጎረምሳ ናቸው፤ ማንጎ ተሸክመው ሰፈራው ድረስ እየመጡ በጨው ይለውጡ ነበር። አማርኛ የሚባል ነገር አያውቁም። አባዬ ጎጆው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አዩት። ማንጎአቸውን እግሩ ሥር አስቀምጠው ሄዱና ተሰለፉ፤ የአባዬ ስም ሲጠራ ሌሎቹ የሚሉትን ብለው «አቤት» አሉ። ቀኑን ሙሉ በአባዬ ፈንታ ሲመነጥሩ ዋሉ።

«ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ አላየም» ይላል አባዬ ሲጨርስ፣ ሁሌም። «ቀና ቢል ኖሮ አልቆልን ነበር። እሱ ግን የሚያየው ወረቀቱን ነው።»

ሸኽዬም ሁሌ የሚጨምሯት አለች። «ከአማርኛ መጀመሪያ እኔ ያወቀው አቤት ነው።»

እኔ ሽቦዬን ይዤ ፈገግ አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከአንባቢው ጋር በሽቦ ያያዝኳት ሳጥን ድምፅ የእኔ ነው፤ በስልክ ቀድቼ ከአንድ የሞተ ሬዲዮ በወሰድኩት ድምፅ ማጉያ አስገባሁት። ከዘራው መቃኑን ሲነካ አንድ ጊዜ «አባዬ ወጣ» ትላለች፣ ቀጥሎ ሲነካ «አባዬ ገባ»። ያንኑ ወደ ስልኬ በመልእክት ትልካለች። መብራት ቢጠፋ እንኳ ከፀሐይ ፋኖስ የወሰድኩት ባትሪ አላት። በመጀመሪያው ቀን አባዬ መታ፦ «አባዬ ወጣ» አለች። ወዲያው ሁለተኛውን መታ፦ «አባዬ ገባ» አለች። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ወደ እኔ ዞረ። «ወጣሁ ወይስ ገባሁ? አንዱን ወስኚ» አለኝ። ሁለተኛዋን ምት እንዳትቆጥር አድርጌ አስተካከልኳት። ከዚያ ወዲህ አባዬ ሳጥኗን «ተቆጣጣሪዋ» ይላታል። ቀልድ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ።

ሠራች። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ትርር ሲል «አባዬ ወጣ» አነባለሁ፣ ቆይቶ «አባዬ ገባ» አነባለሁ፣ ልቤ ያርፋል። እዚህ ላይ ብተወው ምናለ። ግን የእህቴ አራተኛ ፎቅ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አንዲት ነገር ጨመርኩ፤ አባዬ ወጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈው ሳጥኗ «አባዬ አልተመለሰም» ብላ ትልካለች። የመጀመሪያውን ስትልክ ባጃጅ ይዤ ከነፍኩ። አባዬ መስጊዱ አጠገብ ማንጎ ሥር፣ ከሽማግሌዎች ጋር ደህና ተቀምጦ ሲጫወት አገኘሁት። ሸኽዬም አጠገቡ ነበሩ። ምንም አልነበረም። ግን የመጣሁበትን ባጃጅ አስቁሜአለሁ፣ ተማሪዎቼን ትቼ መጥቻለሁ፤ እጁን ይዤ አስነሳሁት። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ደገምኩት። አባዬ ሁለቱንም ጊዜ ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ዝምታውን የመርሳቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ «አልተመለሰም» የሚል መልእክት አንድም ቀን አልመጣልኝም። ከሰዓቱ ትንሽ ቀደም ብሎ «አባዬ ገባ» ይመጣል። ተማረ ብዬ ኮራሁ። ለእህቴም ደውዬ በሰፊው አወራሁላት። «መጥቼ በዓይኔ እስካየው አላምንም» አለች። አንድ ዓርብ በአውሮፕላን መጣች።

ያን ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቀርቻለሁ። ቤቱን አጽድቻለሁ፣ ሬዲዮኖቹን በአንሶላ ሸፍኛለሁ። እህቴ ደርሳ ሳትቀመጥ የመታጠቢያ ቤቱን አየች፣ የአባዬን መድኃኒት አየች፣ በአንሶላ የተሸፈነውን ነገር ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። አባዬ እሷ ከመድረሷ በፊት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ለጁምዓ ወጥቷል፤ ሳጥኗ ተናግራለች። «ቆዪ ብቻ» አልኳት፣ «ልክ ሰባት ተኩል ከመሙላቱ በፊት ትሰሚያለሽ።»

ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መቃኑ ኳ ኳ አለ። «አባዬ ገባ» አለች ሳጥኗ በእኔ ድምፅ።

«ሰማሽ?» አልኳት። እህቴ ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወደ በሩ ሮጥኩ፤ አባቷን እኔ እጅ በእጅ ላስረክባት።

በሩ ላይ የቆሙት ሸኽዬ ናቸው። የአባዬን ከዘራ ይዘዋል። ሊመለሱ ዞር ሲሉ ነው የደረስንባቸው።

እህቴ ከሸኽዬ ኋላ አየች፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። «አባዬስ?» አለች።

ሸኽዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሳጥኗን አዩ። «አባትህ ገባ» አሉኝ።

«ሸኽዬ፣ አባዬ የታለ?»

«ገባ። ሳጥን ተናገረ።»

እህቴ ስልኳን አውጥታ ለማን እንደምትደውል ሳታውቅ ይዛዋለች። ያኔ ነው ጠባዬ የመጣው፤ ትልቅ ሰው ናቸው አላልኩም፣ ጮኽኩባቸው። አባቴ የት እንዳለ ንገሩኝ፣ ከጠፋ እኮ ይወስዱታል፣ ይቺ እህቴ እኮ የመጣችው ለዚሁ ነው አልኩ። እህቴ ፊት አልኩት። ሸኽዬ ጥፋተኛ ሆነው አንገታቸውን ደፉ።

«አልጠፋም ቢንቲ። ማንጎ ሥር ነው፣ ጨዋታ አልጨረሰ። እሱ ለእኔ ከዘራ ይሰጣል። ሂድ ተቆጣጣሪ ጋ አቤት በልልኝ ይላል።»

«ስንተኛ ጊዜ ነው?» አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። አንዱ እጅ አልበቃም። በኋላ አባዬን በራሳቸው ግቢ፣ በአጥሩ ክፍተት ነበር የሚያስገቡት፤ መቃኑን እንዳይነካ። እኔ ክፍል ውስጥ «አባዬ ገባ» የሚለውን እያነበብኩ ልቤ ሲያርፍ፣ ለአባቴ ሌላ ሰው አቤት ይልለት ነበር። ድምፅ እለያለሁ ባይዋ እኔ ነኝ።

እህቴ በመንገድ ላይ እርምጃዋን አፈጠነች፤ እሷ ስትቆጣ እንዲህ ናት። ሸኽዬ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ሄድን። በቃ አለቀ፣ ሻንጣውን ዛሬ ማታ ማዘጋጀት ነው ብዬ ደመደምኩ። እህቴ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆም አለችና ሸኽዬን ጠየቀቻቸው። «ያን ጊዜ በባምባሲ መንገድ ሲጠፋስ የት ነበሩ?»

«እኔ ቶንጎ ነው፣ ለቅሶ» አሉ። «እሱ እኔን ሊፈልግ ነው የወጣ። ሦስት ቀን ቀረህ፣ ሞትህ መሰለኝ ይላል።» የቶንጎ መንገድ በባምባሲ ነው። ይህን እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እኔ የጠየቅሁት አባዬን ብቻ ነው፤ አባዬ ደግሞ ከምጠይቀው በላይ ስለማርመው መልስ መስጠት ትቷል።

ማንጎው ሥር ስንደርስ አባዬ የሸኽዬን ከዘራ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ያወራል። ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ። «ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ አላየም» ሲል ደረስን። ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር አልረሳውም፤ ፈራኝ። አባቴ እኔን ፈራኝ። ጥፋት ላይ እንደተያዘ ሰው ከዘራውን ሰብሰብ አደረገና ወደ ሸኽዬ ዞረ።

«ምነው፣ ስሜ ሳይጠራ ቀረ?»

«ተጠራ» አሉ ሸኽዬ። «አቤት አልኩ። ግን ልጅህ ቀና ብሎ አየ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባዬም ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ አፈርኩ። እጁን ይዤ ያስነሳሁባቸው ሁለት ቀናት ትዝ አሉኝና እዚያው መሬት ላይ፣ እግሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «አባዬ፣ ጨዋታህን ጨርስ» አልኩት። እህቴም በዚያች በነጭ ሱሪዋ ከጎኔ ተቀመጠች። አባዬ ፊቷን ብዙ ቆይቶ አየው። ስሟን አላገኘውም፤ ግን እጁን አናቷ ላይ አሳረፈና «አድገሻል» አላት። እህቴ አምሳ ሊሞላት ነው። እንባዋን በሻሿ ጠረገችው።

አስር ሰላት እስኪደርስ ተቀምጠን ዋልን። ስንመለስ ሁለቱ ከፊታችን፣ የተለዋወጡትን ከዘራ ሳይመልሱ፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። እህቴ ለሸኽዬ ከኋላ ሆና «አንድ ቀን ቢጠፋብዎትስ?» አለቻቸው።

«እሱ ከጠፋ እኔም ጠፋ» አሉ ዞር ሳይሉ። «ለሁለት ሰው መንገድ የሚያሳይ ብዙ ነው።»

እህቴ ሻይዋን ስትጠጣ ሳጥኗን ስታያት ቆየች። «እኔ ጋ ቢመጣ ማን አቤት ይልለታል?» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልገባኝም። እሑድ ብቻዋን በረረች። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ «ሬዲዮኖቹን ግን ጣያቸው» አለችኝ።

አልጣልኳቸውም። ከአንዱ ላይ ሽቦ ወስጄ ለሸኽዬ ከዘራም ምልክት ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከአባዬ ጋር በእኛ በር ሲወጡ እሳቸውም መቃኑን ይመታሉ። «አባዬ አልተመለሰም» የምትለውን ነገር ከሳጥኗ አጠፋኋት። አሁን ክፍል ውስጥ ሆኜ ስልኬ ሁለት ጊዜ ትርር ይላል፦ «አባዬ ወጣ»፣ «ሸኽዬ ወጡ»። ሁለቱ ካሉ ስልኩን ኪሴ እከታለሁ። ከዘራ ይለዋወጡ አይለዋወጡ አላውቅም፤ ተለዋውጠውም ቢሆን ያው ሁለት ናቸው።

የአባዬ ነገር ግን እየተሻለ አይደለም። ያቺን የሰፈራ ታሪክ ራሷን አሁን መካከሏ ላይ ይስታታል፣ ሸኽዬ ናቸው የሚሞሉለት። እኔን አንዳንድ ጠዋት «የማን ልጅ ነሽ?» ይለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። መቃኑ ኳ ኳ አለ። «አባዬ ገባ» አለች ሳጥኗ። ከዚያ አባዬ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ የእማዬን ስም ጠራ።

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። በሩ ላይ ቆሞ፣ ከዘራውን እንደያዘ፣ ጆሮውን ወደ ጓዳ አድርጎ ይጠብቃል።

«አቤት» አልኩ።

አባዬ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።